የሚወዛወዘው መሙያ

ጉንደ ወይን ውስጥ አንድ የቀድሞ ባሕር ኃይል ባልደረባ አሉ። ከቀይ ባሕር ይዘውት የተመለሱት ንብረት አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ፊቱ ላይ በሩሲያኛ ፊደል "አምፊቢያ" ተጽፎበታል፤ 200 ሜትር የሚልም አለበት። የሶቪየት መርከቦች ዳህላክ ደሴቶች ኖክራ ላይ በሚያርፉበት፣ የእኛም ባሕር ኃይል ምጽዋ በነበረበት ዘመን አንድ ሩሲያዊ መካኒክ ከእጁ አውልቆ የሰጣቸው ነው። ምጽዋ የካቲት 1982 ዓ.ም ከእጅ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት መንግሥቱም ሠራዊቱም ፈረሰ፤ እሳቸውም አገራቸው ገብተው ጤፍ ማረስ ጀመሩ። ሰዓቱ ግን አልቆመም።

በኋላ ያቆመው ደግነት ነው። ልጃቸው መሙያው ሲወዛወዝ አይቶ "ይሄማ ሊወድቅ ነው" አለና ሌላ ከተማ ላለ ሰዓት ሠሪ ወሰደላቸው። ሠሪው ከፍቶ አየ፤ "ከዘንጉ ላልቷል" አለ፤ በሱፐር ግሉ አጣበቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሙያው ወደ ቤቱ ገብቶ አልጠብቅ አለ። ክፍቱን ከረመ። ክረምት ሲገባ መስታወቱ ከውስጥ ላበው፤ ትንሽ ቆይቶም ቆጣሪዎቹ ቀጥ አሉ።

ለመሆኑ ለምን ይወዛወዛል? አምፊቢያ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሰዓት ነው። የተሠራው በታታርስታን፣ ቺስቶፖል በሚባል የካማ ወንዝ ዳር ከተማ ነው። ፋብሪካው በ1941 ጀርመኖች ሞስኮ ሲቃረቡ ከዚያ ተነቅሎ የመጣ ነው። ንድፉን ያወጡት ሚካኢል ኖቪኮቭና ቬራ ቤሎቫ ሁሉንም ነገር ድርቅ አድርጎ ከመግጠም ይልቅ ውኃው ራሱ እንዲያግዛቸው አደረጉ። ጥልቀቱ ሲጨምር ወፍራሙ የፕላስቲክ መስታወትና የኋላ ክዳኑ ይበልጥ እየተጫኑ ይታተማሉ። መሙያውም እንደዚያው ነው። ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኖ አልተበየደም። ሲጠብቅ ለብቻው እንደ ብሎን ይዞራል፤ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበትም ተጨምቆ በሩን ይዘጋል። ሲፈታ ይላላል። ለመሙላት በስሱ ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ ማዞር ነው፤ ያኔ ዘንጉን ይይዛል። በግድ ቢታጠፍ ወይም ቢመታ ኃይሉ ወደ ቀጭኑ ዘንግ እንዳይተላለፍ የተተወ ልልነት ነው። እንግዲህ ሠሪው ሆን ብሎ ያላላውን ነው ጠጋኙ ያጠበቀው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የላላ ነገር ሲያይ ማጥበቅ የሁላችንም አመል ነው።

ሰዓቱ በመጨረሻ የደረሰው ጉንደ ወይን ውስጥ ስልክ በሚጠግን አንድ ወጣት እጅ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት፣ ባሕር ዳር ሄዶ ዕቃ መፈለግም በማይታሰብበት ሰሞን ነበር። ቪዲዮ ከፍቶ ማየት የለም። ስለዚህ ባለቤቱን ጠየቀ።

"ጋሼ፣ በፊትም ይወዛወዝ ነበር?"

"ከመጀመሪያው እንጂ! ሩስኪው ራሱ እያወዛወዘ ነው ያሳየኝ።"

ልጁ ካቻቢቴውን ያነሳው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። የኋላ ክዳኑን ከፈተ፤ ዘንጉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ጫን አድርጎ መሙያውን ከነዘንጉ ሳበ። ከሴቶች ፀጉር ቤት አሴቶን አስመጣ። አሴቶን ሱፐር ግሉን ያሟሟል፤ ያን የፕላስቲክ መስታወት ግን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ የነከረው መሙያውንና ዘንጉን ብቻ ነው። በማግስቱ መሙያው ተላቆ መወዛወዝ ጀመረ። የድሮዋ የጎማ ቀለበት ግን አሴቶኑ ውስጥ አብጣ ተበላሸች። ምትክ ስለሌለ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ በምላጭ አስተካከለ። የመሙያውን ጥርስ በመርፌና በጥርስ ብሩሽ እስኪጠራ አጸዳ፤ የሠላሳ ዓመት ላብና አቧራ ወጣ። ማሽኑን ከፍቶ አድርቆ መልሶ ገጠመ።

መፈተሻውም ቀላል ነበር። ሰዓቱን ፀሐይ ላይ አሙቆ መስታወቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ አደረገበት። ውስጡ እርጥበት ቢኖር ጉም ይሠራ ነበር። አልሠራም። በብስክሌት ጎማ 200 ሜትር እንደማይጠለቅ ግልጽ ነው፤ ጎንቻ ላይ ግን የሚፈራው የሐምሌ ዝናብ ነው።

ሲሠራ ስለ ምጽዋ ይጠይቃቸው ነበር። ስለ ባሕር በር በየቀኑ ይወራል፤ በ2011 ዓ.ም ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ባሕሩ ምን እንደሚመስል እኚህን ሰው የጠየቀ ግን ይህ ልጅ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሰዓቱን ተቀብለው መሙያውን ፈቱት። ተወዛወዘ። ሳቅ አሉ። ሳብ አድርገው ቀስ እያሉ ሞሉት፤ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

ልጁ ስልኩን አየ። "ለስምንት ሩብ ጉዳይ።"

ቆጣሪዎቹን አስተካክለው መሙያውን ወደ ውስጥ ጫኑት፤ ጥርሱ እስኪገጥም መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት አዞሩት። ጠበቀ።