በር ዘግተው እንግዳ የሚቀበሉ

ስፔን ውስጥ ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ዝናብ እንዳይመጣበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? እንቁላል ይዞ የቅድስት ክላራ መነኮሳት ወደሚኖሩበት ገዳም ይሄዳል። አንድ ደርዘን እንቁላል ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ለሠርጉ ቀን ፀሐይ ይለምኑለታል። እኛ ጥር ላይ ድንኳን የምንተክል ሰዎች ከሰማይ ጋር መደራደር ብዙም ስለማያስፈልገን ይገርመን ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። እንቁላሉን ይዛ የሄደችው ሙሽራ የተቀበሏትን ሴቶች ብዙ ጊዜ በዓይኗ አታያቸውም።

በዓታቸውን የዘጉ ናቸውና። የካቶሊክ ሲስተር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የምትወጋ፣ ላንድክሩዘር እየነዳች ገጠር የምትወርድ ሴት ናት። እነዚህኞቹ ግን አንዴ ከገቡ ያለ በቂ ምክንያት አይወጡም፤ የውጭ ሰውም እነሱ ወዳሉበት አይዘልቅም። አገር ቤት ገዳም የሚሄድ ሰው ጠበሉን ጠጥቶ፣ ዳቤውን በልቶ፣ የመነኮሳቱን መስቀል ተሳልሞ፣ ግቢው ውስጥ አድሮ ይመለሳል። እዚህ በእንግዳውና በባለቤቶቹ መካከል ግድግዳ አለ። ደግነቱ ግድግዳው ቀዳዳ አለው፤ ጨዋታችንም ስለ ቀዳዳው ነው።

አንዱ ቀዳዳ ቶርኖ ይባላል። ግድግዳው ውስጥ ቆሞ የተገጠመ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተከፈተ፣ የሚሽከረከር የእንጨት በርሜል ያስቡ። ማድሪድ ውስጥ ከፕላሳ ማዮር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው፣ ሕዝቡ «ላስ ካርቦኔራስ» የሚለው የኮርፑስ ክሪስቲ ገዳም ብስኩቱን የሚሸጠው በዚህ ነው። ደወሉን ይጫናሉ፤ ይገባሉ፤ ከእንጨቱ ጀርባ የሴት ድምፅ ይመጣል። ሰላምታው «አቬ ማሪያ ፑሪሲማ» ነው። የሚፈልጉትን ተናግረው ገንዘቡን ያስቀምጣሉ። እንጨቱ ይሽከረከርና ገንዘብዎ ይሰወራል። ለቅጽበት ልብ ይንጠለጠላል፤ ማንን አገኘሁ ብለው ይከሳሉ? ከዚያ እንደገና ይሽከረከርና የአልሞንድ ብስኩቱ ከነመልሱ ከች ይላል።

ሴቪል ደግሞ የሳን ሌአንድሮ ገዳም ከእንቁላል አስኳል በሚሠራ ጣፋጭ ስሙ ገንኗል። ይሄ ሁሉ አስኳል ከየት መጣ ሲባል ነገሩን ከወይን ጠጅ ጋር ያያይዙታል፦ የሄሬስ ጠማቂዎች ወይናቸውን የሚያጠሩት በእንቁላሉ ነጭ ስለነበር አስኳሉ ለገዳማት ይሰጥ ነበር ይባላል። ሌሎች ገዳማት ለቅዳሴ የሚሆነውን ስስ ኅብስት ይጋግራሉ፤ የካህናት ልብስ ይሰፋሉ። በዓት መዝጋት ከመብራት ሂሳብ አያድንም፤ ጣሪያም ያፈሳል።

ውስጥ ምን ይሠራሉ ቢሉኝ፣ በዓት ከሚዘጉት ማኅበራት አንዱ የሆኑትን የቀርሜሎሳውያን እኅቶች ቀን ላውጋዎት። ብዙ ጊዜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይነሣሉ። ቀኑ በሰዓታት ጸሎት ተከፋፍሎ ያልቃል፤ ከዚያ ውጭ በዝምታ የሚጸለይ ሁለት ሰዓት አለ። ሥራው እያንዳንዷ ለብቻዋ፣ ያለ ወሬ ነው። ከምሳና ከእራት በኋላ ግን ወሬ ይፈቀዳል። መፈቀድ ብቻ አይደለም፣ ደንብ ነው! አኩርፌ ክፍሌ ልቀመጥ ማለት የለም። የእጅ ሥራቸውን ይዘው ይሰባሰባሉ፤ ይሳሳቃሉ። ይህን ሥርዓት የተከለችው የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ ራሷ መዝሙር እየገጠመች፣ ከበሮ እየመታች እኅቶቿን ታጫውት እንደነበር ይነገርላታል።

ተሬዛን ካነሣን አይቀር፣ የእንግዳን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1535 (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የገባችበት የኢንካርናሲዮን ገዳም ከመቶ በላይ ሴቶች የታጨቁበት፣ ስንቅ የማይበቃው ቤት ነበር። ዘመድ ያላት ዘመዷ ቤት ሄዳ ትበላለች፤ ጠያቂ ያላት ጠያቂዋ ይዞላት ይመጣል። እንግዲህ ተጫዋች የሆነች፣ መልኳ የሚያምር፣ አንደበቷ የሚጥም መነኩሲት እንግዳ መቀበያው ክፍል ብትቀመጥ ማን ይከፋል? ለገዳሙም ገቢ ነው። ተሬዛ ዓመታት እንዲህ አሳለፈች። አንድ ቀን ከአንድ ጠያቂ ጋር ስትጫወት ትልቅ ጉርጥ የመሰለ ነገር፣ ከጉርጥ ወግ ውጭ እየፈጠነ ወደ እነሱ ሲመጣ እንዳየችና ማስጠንቀቂያ ነው ብላ እንደተረጎመችው ራሷ ጽፋዋለች። ወዲያው ግን አልተወችም። ቅዱሳን ላይ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ጉርጡንም አይተው ወሬው ይጣፍጣቸዋል።

በመጨረሻ ነሐሴ 24 ቀን 1562 እዚያው አቪላ የሳን ሆሴን ትንሽ ገዳም መሠረተች። የመነኮሳቱን ቁጥር 13 ላይ ወሰነች፤ በኋላ 21 ድረስ ተፈቀደ። መነኮሳቱንና ጠያቂውን የሚለየውን ፍርግርግም አጠበቀች። ብዙ ሰው የተሬዛን ፍርግርግ ሲያይ ሰው የጠላች ሴት ይመስለዋል። እኔ እስከሚገባኝ ሰው እጅግ የምትወድ ሴት ናት ያንን ፍርግርግ የሠራችው፤ ሰው የማይወድማ ምን ፍርግርግ ያሻዋል?

እርግጥ ግንቡን ሁሉ ሴቶቹ አልሠሩትም። ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ በ1298 መነኮሳይያት ሁሉ በዓታቸውን እንዲዘጉ አዘዙ፤ የትሬንት ጉባኤ በ1563 አጠበቀው። ለልጁ ባል የሚሰጠው ጥሎሽ የከበደበት አባት ልጁን ሳትፈልግ ገዳም የሚያስገባበት ዘመን ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የቬኒሷ መነኩሲት አርካንጄላ ታራቦቲ የእነዚህን አባቶች ጭካኔ በመጽሐፍ አጋልጣለች። ይህን ሳይናገሩ ስለ ብስኩቱ ብቻ ማውራት ማሸሞንሞን ይሆናል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቫቲካን በ2018 ያወጣችው መመሪያ አንዲት ሴት የመጨረሻውን ስእለት ከመፈጸሟ በፊት ቢያንስ 9 ዓመት እንድትፈተን ያዛል። ግቢ ብሎ የሚገፋት የለም፤ ቆይ፣ አስቢበት የሚላት ነው የበዛው።

ሌላው ቀዳዳ እንግዳ መቀበያው ክፍል ነው። ፈረንሳይ ሊዝዩ በሚባል ከተማ ሌላዋ ተሬዛ፣ ተሬዛ ማርታን፣ በ15 ዓመቷ፣ በ1888 ቀርሜሎስ ገዳም ስትገባ ሁለት ታላላቅ እኅቶቿ ቀድመዋት ገብተው ነበር። አባትዬው ሦስት ልጆቹን በፍርግርግ በኩል ይጠይቃል፤ ጊዜው የተወሰነ ነው። ዓሣ ማጥመድ ይወድ ስለነበር ያጠመደውን ለገዳሙ ይልካል። ከልጆቹ ጋር ማዕድ አይቀርብ እንጂ ዓሣው ማዕዳቸው ላይ ይቀርባል። በ1894 አራተኛዋ እኅት ሴሊን ስትገባ ፎቶ ካሜራዋን ይዛ ገባች፤ እመምኔቷም ፈቀዱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታየው የተሬዛ ፎቶግራፍ አብዛኛው የሴሊን ሥራ ነው። በ24 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው፣ ከበዓቷ ያልወጣችው ልጅ በ1927 የሚስዮናውያን ጠባቂ ተባለች። ሊዝዩም ዛሬ ተሳላሚ የሚጎርፍባት ከተማ ሆናለች።

አሜሪካ ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። አላባማ ውስጥ የክላራ ልጅ የሆኑት እማሆይ አንጀሊካ በ1981 ከገዳማቸው ጋራዥ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈቱ፤ ኢደብሊውቲኤን የሚባለው ነው። እንግዳ ወደ እሳቸው መግባት ቢከለከል እሳቸው በየሰው ሳሎን ገቡ! ያስቁኛል፤ ግን መሠረት አለው። ቅድስት ክላራ ራሷ ታማ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት ቅዳሴውን ካለችበት ሆና አየች ስለሚባል፣ ፒዮስ 12ኛ በ1958 የቴሌቪዥን ጠባቂ ብለው ሰይመዋታል።

ወደ እነዚህ በሮች የሚመጣው ሰው ብስኩት ፈላጊ ብቻ አይደለም። ልጁ የታመመበት፣ ትዳሩ የተናወጠበት፣ ፈተና የደረሰበት ይመጣል። ብዙው የሚፈልገው ምክር ሳይሆን ስሙን ይዛ የምትጸልይለት ሰው ነው። ፊት አለመታየቱም ያግዛል መሰለኝ፤ ለጎረቤት የማይነገረው ነገር በፍርግርግ በኩል ይነገራል። መነኩሲቷ ወሬውን ይዛ ቡና የምትጠጣበት ጎረቤት የላትም።

እነሱ ራሳቸው የሚወጡበትም ቀን አለ፦ ሐኪም ቤት፣ እና የምርጫ ቀን። ስፔን ውስጥ ምርጫ በተደረገ ቁጥር የፎቶ ጋዜጠኞች እነሱን ይጠብቃሉ። ጥቁርና ነጭ፣ ወይ ቡናማ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን ይዘው እንደ ማንኛውም ሰው ሰልፍ ይቆማሉ፤ ድምፃቸውን ሰጥተው ወደ በዓታቸው ይመለሳሉ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ እኩል ይወጣሉ። ማንን እንደመረጡ ለማወቅ የሚሞክር ዘጋቢ ካለ፣ ደወሉን ይደውልና ብስኩት ይግዛ።