አሠልጣኝ ይፈለጋል

የመካነ ሰላም ማታ ለእግር ኳስ አይመችም። ከአምባ ፈሪት የወረደ የሚመስለው ብርድ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ መንገዱን ያጸዳዋል፤ ገበያተኛው ወደ ቦረና ገጠሮች ተበታትኖ ሲያበቃ ሻይ ቤቶቹ ብቻ መብራታቸውን አብርተው ይቀራሉ። ከነዚህ በአንደኛው፣ ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለበት ግድግዳ ትይዩ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። ወንበሯ የሳቸው መሆኗን የማያውቅ የለም። ዜና አንባቢው ለብሔራዊ ቡድኑ አዲስ አሠልጣኝ ሊፈለግ መሆኑን በተናገረ ቁጥር ከጋቢው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ትወጣለች።

«ደግሞ?»

ወጣቶቹ ይስቃሉ። ለነሱ የጋሼ ቁጣ የሻዩ ማጣጫ ነው። መምህሩ ግን ሊያስቁ ብለው አልተናገሩም፤ ቃሏ ከሩቅ የመጣች ናት።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲዮም የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ እሳቸው የፊደል ልጅ ነበሩ። ወሬው የደረሳቸው ከቀናት በኋላ፣ ከደሴ ሸቀጥ ጭኖ በመጣ ነጋዴ አፍ ነው። ነጋዴው ኳስ አይቶ አያውቅም፤ ሉቻኖና ኢታሎ የሚባሉ ወንድማማቾችን፣ መንግሥቱ ወርቁንም፣ እንደ ጦር አዝማች አድርጎ አወራላቸው። ከሁሉ ይልቅ የገረማቸው ግን የማይጫወተው ሰው ነገር ነበር። «ዳር ቆሞ የሚያዝ አለ» አለ ነጋዴው፤ «ይድነቃቸው ተሰማ ይሉታል።» ዳር ቆሞ የሚያዝ ሰው ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ ከልጁ ጋር አደገ።

ከ51 ዓመት በኋላ በዚያው በጥር 13፣ ማለትም በቃና ዘገሊላ ማግሥት በ2005 ዓ.ም.፣ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ቡድን በደቡብ አፍሪካ ሜዳ ላይ ከሻምፒዮኗ ከዛምቢያ ጋር ተገናኘ። ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳትደርስ 31 ዓመት አልፏታል። በዚያ ቀን ሻይ ቤቱ መቆሚያ አልነበረውም፤ ከሳይንት መንገድ የመጡ ሰዎች በመስኮት ያዩ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም አገባች። አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ አቻ ያደረገ ጊዜ መምህሩ ጋቢያቸውን የት እንደጣሉት እስከ ማግሥቱ አላወቁም። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች በሽንፈት አለቁ። ይህን የሚያነሣባቸው ሰው ግን የለም።

ያ ቡድን እዚያ ላይ አልቆመም። በሰኔ 2005 በቦትስዋና ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ቢቀነስበትም ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ በቃ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 በአዲስ አበባ በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 በካላባር 2 ለ 0 ተሸነፈ። በጥር በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ሲሸነፍ ግን ትዕግሥት አለቀ። በየሻይ ቤቱ «ይውረድ!» ተባለ። በየካቲት አሠልጣኙ ተሰናበቱ።

በዚያ ሻይ ቤት «ይውረድ!» ካሉት መካከል ድምፃቸው ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የመምህሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው አሠልጣኝ ፍለጋ ነው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2006 መጡ፤ ዓመት ቆይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሳህለ ተተኩ፤ መጋቢት 16 ቀን 2008 በአልጄሪያ 7 ለ 1 የተባለው ጉድ በሳቸው ዘመን ደረሰ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ ከዚያም በ2010 መጨረሻ አብርሃም መብራቱ። አምስት ዓመት ሳይሞላ አምስት ሰው። አንዱ ሲሄድ «የውጭ ዜጋ ይሻለናል»፣ የውጭው ሲሄድ «የራሳችንን ልጅ» ይባላል። መምህሩን ከሽንፈቱ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ይህ ክርክር ነው። አብርሃም መብራቱ ወደ አገራቸው ከመምጣታቸው በፊት የመንን ለእስያ ዋንጫ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ የመን ውስጥ የውጭ አሠልጣኝ ማለት እሳቸው ነበሩ። «ታዲያ ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ ዕውቀታቸው ተለወጠ?» ይላሉ መምህሩ። መልስ የሚሰጣቸው አይገኝም።

በዚህ ነገር እውነት አላቸው። ይድነቃቸው ተጫዋችም አሠልጣኝም አስተዳዳሪም ሆነው በአንድ ሥራ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ነበሩ፤ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1964 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 መርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው በማስታወቂያ አይገኝም። ዛሬ የሚፈለገው አሠልጣኝ ግን በጥድፊያ ይፈለጋል፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ።

ቃሏ ከልብ የመጣችበት ምክንያት ሌላ ነው። መምህሩ በጎልማሳነታቸው በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ቡድን አሠልጥነዋል። ኳሱ ከጨርቅ የተሰፋ ነበር፤ ሜዳው ዘንበል ያለ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃው ወገን ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ልጆቹን በጭነት መኪና አሳፍረው ወደ አቀስታ ወሰዱ። ተሸነፉ። ሲመለሱ ቡድኑ ለሌላ መምህር ተሰጥቶ ጠበቃቸው። ወቀሳም ምስጋናም አልተነገራቸውም፤ ፊሽካውን እንዲያስረክቡ ብቻ ተጠየቁ። ከቡድኑ አንድ ልጅ፣ ግራ እግሩ እንደ እጅ የሚታዘዝለት፣ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም። አሁን አረቂ ቤት ደጅ ሲያገኛቸው «ጋሼ፣ ያኔ አንድ ዓመት ቢሰጡን ኖሮ» ይላቸዋል።

ይህን እያወቁ በየካቲት 2006 «ይውረድ!» አሉ። ባለቤታቸው ያን ማታ እራት እያቀረቡ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሏቸው፤ ሌላ አልጨመሩም። የአልጄሪያው 7 ለ 1 የተሰማ ዕለት መምህሩ ወደ ሻይ ቤት አልሄዱም። ሳምንት ሙሉ ወንበሯ ባዶ ዋለች።

በሰኔ 2 ቀን 2014 ደግሞ ውበቱ አባተ የሚመሩት ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከ1954ቱ ዋንጫ ጀምሮ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በባለሜዳነት የተጫወተው ቡድን ያሸነፈው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው፤ በአገሩ ለአህጉሩ ውድድር የተፈቀደ ስታዲዮም አልነበረውምና። መምህሩ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ግቦች አጨብጭበው አዩ፤ ከዚያ የማላዊን ባዶ ወንበሮች ማየት ጀመሩ። በዓመቱ ውበቱም ሄዱ። አሠልጣኙ ይለወጣል፤ ሜዳው አይሠራም። እርሻ የሌለው ገበሬ ሞፈር ቢለዋውጥ ምን ሊያርስ ነው?

አዲስ አሠልጣኝ የተሾመ ማታ ከወጣቶቹ አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወደ ማዕዘኗ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄኛውስ? ይውረድ እንበል ወይስ እንጠብቅ?» ሲል ጠየቃቸው። ሳቅ ሆነ። መምህሩ ጋቢውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ።

«የስንት ዓመት ውል ሰጡት?»

ልጁ አላወቀም። ሌሎቹም አላወቁም። መምህሩ የሻያቸውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተነሡ፤ በሩን ሲከፍቱ የገባው ብርድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጡትን ሁሉ አንገታቸውን አስቀበራቸው።