ከእናታችን ጋር አንድ ገበታ

ሀርጌሳ ውስጥ እንግዳ የሚከበረው በሩዝ፣ በፓስታና ስኳር በበዛበት ሻይ ነው። እናታችን ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ የከበዳቸው ምግቡን መተው ሳይሆን ለብቻቸው መብላቱ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም የምንበላውን የዶሮ ድቡልቡል እንሠራለን።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ዶሮ፣ 1 እንቁላል፣ ተከትፎ ውሃው የተጨመቀ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጣልንን ሚጥሚጣ እናዋሕዳለን። የዳቦ ፍርፋሪ የለበትም፤ የሚያያይዘው እንቁላሉ ነው። እጃችንን ዘይት ቀብተን እናድቦለብልና በ200 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ውስጡ ሮዝነቱ እስኪጠፋ እንጋግረዋለን። ከሰላጣ ጋር እናቀርበዋለን።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሩዝና ዳቦ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። እኛም እናታችንን ይዘን ሄደን የጠየቅነው ይህንኑ ነው።