አባትየው ምን አለ?

ባለፈው ሳምንት የዶን ዊሊያምስን አንድ ዘፈን እዚህ ስለጥፍ ኮመንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። "ቲቸር፣ ኬኒ ሮጀርስስ?"፣ "ጂም ሪቭስ የታለ?"፣ "ዶሊ ፓርተን ትጨመርልን!" እሺ፣ እነሱን ማን ይጠላል? ግን እኔ ባልለጥፋቸውም ታውቋቸዋላችሁ። ሆቴል ሎቢ ውስጥ አሉ፣ የሠርግ ቪዲዮ ላይ አሉ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ ፍላሽ ላይ አሉ። ስለዚህ ዛሬ እኛ አገር ብዙ ያልተሰሙትን፣ እኔ ግን ደጋግሜ የምሰማቸውን ላካፍላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ፈልጓቸው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ያዙ።

መጀመሪያ ግጥም እንኳን የሌለው። ዲፎርድ ቤይሊ የቴነሲ ሰው ነው፣ በ1899 የተወለደ (የአሜሪካኖቹን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሕፃንነቱ ፖሊዮ ይዞት ስለነበር ሲያድግም አጭር ሆኖ ቀረ። "ፓን አሜሪካን ብሉዝ" የሚለውን ስሙልኝ። አንድ ሃርሞኒካ ብቻ ይዞ ባቡሩን ከሩቅ ያመጣዋል፣ ያስጮኸዋል፣ በአጠገባችሁ ያሳልፈዋል። የናሽቪሉ ዝነኛ የሬዲዮ ዝግጅት "ግራንድ ኦል ኦፕሪ" የሚለውን ስሙን ያገኘው በ1927 ቤይሊ ይሄንን በተጫወተበት ምሽት ነው። ሰውየው ጥቁር ነው። ከነጮቹ ጋር እየዞረ በአንድ መድረክ ይጫወታል፤ መሽቶ መኝታ ሲፈለግ ግን እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል እሱን አያስገባም። በ1941 ከዝግጅቱ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያው ናሽቪል ውስጥ ጫማ እየጠረገ። ሊስትሮ! የካንትሪ የክብር አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2005 ነው፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ።

ይህን የማነሳው "ካንትሪ የነጭ ገበሬ ዘፈን ነው" ብሎ ክፍል ውስጥ የተከራከረኝ ልጅ ዛሬም እዚህ ገጽ ላይ ስላለ ነው (ራስህን ታውቃለህ)። ባንጆውን ራሱን ወደ አሜሪካ ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው፣ ወንድሜ። ቻርሊ ፕራይድን ውሰድ፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ከጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ፣ በ1966 የመጀመሪያ ሸክላው ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሲበተን ፎቶው አብሮ አልተላከም። የእሱን "ሚሲሲፒ ኮተን ፒኪን ዴልታ ታውን" (1974) ስማ። ስቶኒ ኤድዋርድስ የሚባል የኦክላሆማ ጥቁርም አለ፤ "ሃንክ ኤንድ ሌፍቲ ሬይዝድ ማይ ካንትሪ ሶል" (1973) ብሎ ላሳደጉት ሁለት ነጭ ዘፋኞች የዘፈነ። ሊንዳ ማርቴል ደግሞ በ1970 አንድ አልበም አውጥታ ተረሳች፤ ቢዮንሴ በ2024 አልበሟ ላይ ስታስገባት ነው ዓለም መለስ ብሎ ያያት። ከዶን ዊሊያምስም እንድተው ስለማትፈቅዱልኝ "ጉድ ኦል ቦይስ ላይክ ሚ" (1980)። ቦብ ማክዲል የጻፈው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ፣ መጠጥ በትንፋሹ ያለበትን አባት የሚያስታውስ ልጅ ነው የሚዘፍነው። የዶን ዊሊያምስ ድምፅ ከዚያ በላይ የሚመጥን ግጥም ያገኘ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

1965 ዓ.ም. ላይ ቢቸና ያስተማረን የሰላም ጓድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ከሸክላ የቀዳበትን አንድ ካሴት ሰጠኝ። የዘፋኞቹ ስም አልተጻፈበትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከመዝፈን ይልቅ የሚያወራ የሚመስል ሰው አለ። ዓመታት ሙሉ "ያ የሚያወራው ሰውዬ" እያልኩ ነው የኖርኩት። ማንነቱን የነገረችኝ 2003 ዓ.ም. ላይ ካናዳ ያለች ተማሪዬ ናት፤ እኔ የማስታውሰውን ጽፌ ላኩላት፣ በማግስቱ ኢንቦክስ አደረገችልኝ። ቶም ቲ. ሆል ይባላል፣ የኬንታኪ ሰው። ዘፈኑ "ሆምካሚንግ" ነው፣ የ1969። በ2021 አረፈ።

ጎባ ያስተማርኳችሁ አትረሱትም። ቴፑን በስድስት ድንጋይ እያስነሳሁ ለሊስኒንግ የማሰማችሁ እሱን ነበር፤ ቃሉ ጥርት ያለ ስለሆነ። ነገሩ ቀላል ነው። ዘፋኝ የሆነ ልጅ ሳያስታውቅ አባቱ ቤት ብቅ ይላል። ሲያወራ የምንሰማው ልጁን ብቻ ነው፣ የአባትየው ድምፅ አንዴም አይሰማም። ግን ከልጁ መልስ ምን እንደተጠየቀ እናውቃለን። "ከስተሃል፣ ገርጥተሃል" ተብሏል፤ ምክንያቱም ልጁ አዎ፣ ትንሽ ከስቻለሁ፣ ገርጥቻለሁም መሰለኝ ይላል። የሚሠራበትን ቤት አባትየው መጠጥ ቤት ብሎበታል፤ ልጁ ናይት ክለብ ነው ብሎ ያርማል። እናትየው ስትሞት ቀብር አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ የነገሩኝ ካለፈ በኋላ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ማታ ሥራ አለኝ ብሎ ይነሳል። እደውላለሁ፣ እጽፋለሁ እያለ።

የቤት ሥራችሁ "የአባትየውን ንግግር ጻፉ" የሚል ነበር። የእናት ሞት ጋ ስትደርሱ አብዛኞቻችሁ "ለምን አልመጣህም?" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ "አይልም" ብዬ እመልስላችኋለሁ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እንደማይል በምን አወቁ?" አለችኝ። ሰዓቱ አልቋል ብዬ ወጣሁ። ደወል እንዳልተደወለ ሁላችሁም ታውቁ ነበር።

እነሆ መልሱ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ።

1979 ዓ.ም.፣ ሰኔ። ማክሰኞ ጠዋት ጎባ ላይ ቴሌግራም ደረሰኝ፤ "እናትህ ታማለች ቶሎ ድረስ" ይላል። የማጠቃለያ ፈተና እርማት ላይ ነበርኩ፣ 62 ወረቀት ቀርቶኛል። ማርክ ሳላስገባ ብሄድ ልጆቹ ሪፖርት ካርድ አያገኙም አልኩ ለራሴ። እንዲህ ነበር ያልኩት። ሐሙስ ማታ ጨረስኩ፣ አርብ ተሳፈርኩ። እሁድ ቢቸና ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ የሰፈራችን ሰው አየኝና ሰላም ሳይለኝ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ። እናቴ ያረፈችው ረቡዕ ነው፣ የተቀበረችው ሐሙስ። ያኔ ከጎባ ቢቸና ሦስት ቀን ይፈጃል። ሒሳቡን ሺ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ረቡዕ በማለዳ ብነሳ እንኳን የምደርሰው አርብ ነበር። አልደርስም ነበር። ባለቤቴም ይህንኑ ትለኛለች። ግን እኮ ወረቀቱን ሳርም ይህን ሒሳብ አላውቀውም፤ ያኔ እናቴ ታማለች፣ እኔ ተቀምጬ ኤክስ እያደረግኩ ነው።

አባቴ መደቡ ላይ ፀጉሩን ተላጭቶ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዝም ብሎ ጀርባዬን ዳሰሰኝና፣ ለቅሶዬ በረድ ሲል "ከስተሃል፤ አሞህ ነበር እንዴ?" አለኝ። "አይ አባባ፣ ሌሊት ሌሊት ወረቀት ሳርም ነው" አልኩት። ወዲያው ምን እንደተናገርኩ ገባኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ የትኛው ወረቀት ብሎ አልጠየቀም። እህቴን ጠራና "እህል ውኃ አቅርቡለት" አላት።

አራት ቀን ቆየሁ። ስለ በሬው አወራን፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት። ስሄድ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ። "ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ" አልኩት። "ጻፍ፣ ያነቡልኛል" አለኝ። በዚያ ዓመት ሁለት ጻፍኩ። እሱም በ1984 ዓ.ም. አረፈ። ቴሌግራሙ ስንት ቀን እንደደረሰኝ ለምንም ለማንም ነገር የተነፈስኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የቶም ቲ. ሆል ልጅ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ስታዳምጡት እዚያች ቦታ ላይ ልብ በሉ፤ ቶሎ ያልፋታል፣ ጊታሩ እንኳን አይቆምም።

ያቺ "በምን አወቁ?" ያለችኝ ልጅ እዚህ ገጽ ላይ ካለች፣ ያኔ በቀይ የሰረዝኩብሽን ግማሽ ማርክ መልሼልሻለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ የእናንተን ያልታወቁ ካንትሪዎች ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። ኬኒ ሮጀርስ አይቆጠርም።