መርዶሽን ማን ይንገራት

እታለም፣ በ2012 ሁዳዴን ከሥጋና ከወተት ጾምን፤ ከመጋቢት ወዲህ ደግሞ ከሰው። የሁዳዴው መፍቻ ቀኑ ይታወቅ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ኮሮና ተገኘበት ሲባል ደወልሽልኝ። ሌላው ሰው ዘይትና ዱቄት ሊያከማች ይሮጣል፤ አንቺ ግን «ሰውየውን ማን ያስታምመዋል? አገሩ ሩቅ አይደል?» ነው ያልሽኝ። እኔ ስለ ልጆቼ ስፈራ አንቺ ስሙን ለማታውቂው እንግዳ አዘንሽ።

ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰንበት ብሎ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ይሥራ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ መጨባበጥ የለም፣ ከአራት ሰው በላይ አንድ ቦታ መሰብሰብ የለም። ቤቴን ቆጠርኩት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች። ልክ ሞልተናል። ባለቤቴ «ሕጉ ለቤተሰብ አይደለም» እያለ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። እኔ የሕጉ ነገር መች አስጨነቀኝ? ያ አራት የሚሉት ቁጥር እንጂ፤ አንቺ የሌለሽበት ቁጥር።

ቤት መዋል፣ እታለም፣ ከውጭ ሲያዩት ዕረፍት ይመስላል። ጠዋት ልጆቹን የቴሌቪዥን ትምህርት ፊት አስቀምጣለሁ። ትልቁ ሒሳቡን ትቶ የአስተማሪዋን ሹሩባ ደብተሩ ላይ ይሥላል፤ ትንሿ ሶፋው ሥር ገብታ ትተኛለች። የቤት ሥራው በቴሌግራም ይመጣል፤ ፎቶው ደብዝዞ 3 ይሁን 8 አይለይም። ባለቤቴ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ በር ላይ አቆመዋለሁ። ጫማው እዚያው ይቀራል። ሳንቲሙ በረኪና ውስጥ ይገባል። ብሩን አንድ በአንድ በአልኮል ጠርጌ በረንዳ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣዋለሁ። እጃችሁን ደጋግማችሁ በሳሙና ታጠቡ ይሉናል፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። ሌሊት ቧንቧው መተንፈስ ሲጀምር እሰማና እነሣለሁ። ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የልጆቹን ሳፋ፣ ያገኘሁትን ሃይላንድ ሁሉ እሞላለሁ። በዚያ ሰዓት ፎቁ ሁሉ ነቅቷል፤ በየግድግዳው የባልዲ ድምፅ ይሰማል። ቀን ያልተሰማሙ ጎረቤቶች ሌሊት አብረው ውሃ ይቀዳሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሰዓት ወደድኩት። የሰው ድምፅ ነበረበታ።

ቀን ቀን ደረጃው ጭር ነው። ድሮ «ቤቶች!» እያለ ሳያንኳኳ የሚገባው ሰው የት ገባ? ምድር ቤት ያሉት እማማ ቡና ሲቆሉ ሽታው ደረጃ ለደረጃ ይወጣል። አዋጁ ሽታን አላገደም። የሚጠራ ግን የለም፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም በየዝግ ቤቱ ያልቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ አንድ ሲኒ ቡና በራችን ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ በዚያ ጉልበታቸው እየተንደረደሩ ወረዱ። ጠጣሁት። ሲኒያቸውን ልመልስ ስል በፈላ ውሃ ቀቀልኩት። ጎረቤት የላከውን ሲኒ የሚቀቅል ሰው ዘመን ላይ ደረስን፣ እታለም። አንቺ ብታዪኝ ምን ትይኝ ነበር?

እኔ ካለሁበት ሰሚት አንቺ ያለሽበት ሽሮ ሜዳ ባሕር ማዶ አይደለም። ግን ታክሲ ይቀያየራል፤ ያን ጊዜ ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ዕድሜ አለብሽ፣ ስኳር አለብሽ። ይዤብሽ እንዳልመጣ ፈራሁ። በሽታው ደግሞ ክፋቱ፣ ያልታመመም ያስተላልፋል ይሉናል። ስለዚህ ደወልኩ። ስደውል መጀመሪያ የምሰማው የሌላ ሴት ድምፅ ነው። ስልኩ እንደ ወትሮው አይጠራም፤ ሴትዮዋ ስለ ኮሮና ታስተምረኛለች፤ ታጠቡ፣ ተራራቁ ትለኛለች። እሷን ሳላዳምጥ አንቺን አላገኝም። እኔ ስነጫነጭ አንቺ ትስቂያለሽ፤ «ተያት፣ ጨዋ ናት፤ ሐሜት አታውቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምታወራው!»

ሽሮ ሜዳ ለፋሲካ እንዴት ያለ ገበያ እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። የዚያን ዓመት ግን ጥበቡ ቀሚስ በየሱቁ ተሰቅሎ ቀረ። ማን ይገዛል? ለብሶስ ለየትኛው ደጀ ሰላም? ሸማኔው ጎረቤትሽ ማግ አያስፈልገኝም አለሽ። አንቺ መች ትተይና! ጥጡን በመዳመጫ ከፍሬው ትለያለሽ፣ በደጋን ትነድፊዋለሽ፣ አመልማሎውን ትጠቀልያለሽ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈሽ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ ታሾሪዋለሽ። በስልክ ስናወራ እንዝርቱ ሲሾር ይሰማኛል። «ለማን ነው እታለም?» ስልሽ «ልጄ ስትመጣ ነጠላ ይሆናታል» ትያለሽ። ልቃቂቱ እየበዛ ሄደ። ልጅሽ አልመጣችም።

በስቅለት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምእመናን ተዘግቶ ካህናቱ ብቻ ውስጥ ገቡ፤ እኛ በየቤታችን እንድንሰግድ ተነገረን። ያን ቀን ከደጀ ሰላም ቀርተሽ የማታውቂው አንቺ ግቢሽ ውስጥ ሰሌን አንጥፈሽ፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞረሽ ሰገድሽ። ማታ ስደውል ድምፅሽ አልቆ ነበር። ስንት ሰገድሽ አልኩሽ። «ቆጣሪው እሱ ነው» አልሽኝ። ቅዳሜ ቄጤማ ይዞ የሚመጣ አልነበረም፤ ልጄ ከሕንፃው ሥር ሣር ነቅላ ራሷ ላይ አሰረች። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ዶሮ ሠራሁ። ሁልጊዜ ለአንቺ የሚወጣውን ብልት ማንም አልደፈረውም፤ ድስቱ ውስጥ ብቻውን ከረመ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ረመዳን ገባ፤ በግድግዳ የምንዋሰናቸው አባወራ ተራዊሕን ከቤተሰባቸው ጋር ሲሰግዱ ድምፃቸው እኛ ሳሎን ይሰማል። በየዓመቱ ለማፍጠሪያ ከሚጠበሰው ሳምቡሳ ይልኩልን ነበር። በዚያ ዓመት ድምፃቸው ብቻ መጣ።

ልጅሽስ? በሯ ከውጭ የሚቆለፍባት ልጅሽ? እኛ በመጋቢት የጀመርነውን እሷ ቤይሩት የሰው ቤት የገባች ዕለት ጀምራዋለች። «እናንተም እንደኔ ሆናችሁ?» ብላ በኢሞ ስትስቅብን ሳቋ ሆዴን በላኝ። የራሷ ሲም ካርድ የላት፤ የቤቱ ዋይፋይ ካልሆነ መንገድ የላትም። አንቺ ደግሞ ያቺ አሮጌ ስልክሽ ከመደወልና ከማንሣት ሌላ አታውቅም። ስለዚህ እሷ በእኔ ስልክ በኢሞ ትደውላለች፤ እኔ በባለቤቴ ስልክ ለአንቺ እደውላለሁ፤ ሁለቱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አፍ ለአፍ አጋጥሜ እተዋችኋለሁ። እናትና ልጅ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ትገናኛላችሁ። ድምፁ ይጮኻል፣ ይቆራረጣል፤ አንቺ «በላሽ ወይ?» ትያለሽ፣ እሷ «በላሽ ወይ?» ትላለች፤ ማን ለማን እንደመለሰ አይታወቅም። ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ ወጥ ቤት እገባለሁ።

በሰኔ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎቹ ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ በቴሌቪዥን ታየ። የጎረቤትሽ ልጅ ነገረችኝ፤ ከወንበርሽ ተነሥተሽ፣ ቴሌቪዥኑ ድረስ ቀርበሽ፣ አስፋልት ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ታይ ነበር። የአንቺዋ እንደሌለች እያወቅሽም ታይ ነበር።

ከዚያ ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። አገሩ በአንድ ሌሊት ሌላ ሐዘን ውስጥ ገባ፤ በየቦታው ስንት ቤት ልቅሶ ተቀመጠ። በማግሥቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። በዝግ ቤት ላይ ሌላ በር ተዘጋ ማለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ስልክ ቀረ።

አንቺም ያን ጊዜ ሄድሽ። ሌሊት፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮሽን እየደበደበ፣ ማንንም ሳትቀሰቅሺ። ከቀብር በፊት ናሙና ይወሰድ ተባለ። ፊታቸው የማይታይ፣ ከላይ እስከ ታች የተሸፈኑ ሰዎች መጡ፤ አንቺን ከማንም በፊት እነሱ ነኩሽ። ውጤቱ ሲመጣ «ነጻ ናት» አሉን። ነጻ ናት! ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ከራሴ የጠበቅሁሽ ከዚህ አልነበር? እንግዲህ ተሳካልኝ፣ እታለም። ኮሮና አልነካሽም። እኔም አልነካሁሽም።

ድንኳን አልተተከለም። ጡሩንባ አልተነፋም። የዕድሩ ዳኛ ገንዘቡን በፖስታ ሰጡኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ፤ ከማስኩ በላይ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ንፍሮ ቀቀልኩ፤ ማን ይዝገነው? በሰፈሩ ያላለቀስሽለት ሬሳ የለም። የሀብታሙንም የለማኙንም ደረትሽን እየመታሽ፣ የሟቹን ሙያ በግጥም እያወጣሽ ሸኝተሻል። ያ ሁሉ ብድር ነበር። በአንቺ ቀን ባለዕዳው ሁሉ ቤቱ ተቆልፎበት ዋለ፤ ልክፈል ቢልም ተሰብስቦ ልቅሶ መቀመጥ አይቻልም ነበር።

ለብቻ ማልቀስ፣ እታለም፣ አይሆንም። ሞክሬዋለሁ። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች፣ ሦስተኛዋ ክንዷን ይዛ «በቃ የኔ እናት» ትላለች። እኔ አውራጅም ተቀባይም፣ «በቃ» ባይም ሆኜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ውሃ ልከፍት ስል ፈረቃችን አልነበረም።

የልጅሽ ነገር ቀረ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሌሊት ይመከራል፤ ሳይነጋ ዘመድና ጎረቤት በሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ስትወድቅ የሚይዟት፣ ፊቷን ስትቧጭር እጇን የሚይዙ ይመረጣሉ። ማንም ለብቻው መርዶ አይሰማም። እሷን ማን ይያዛት? የሰው ወጥ ቤት፣ ማዳሟ ከግድግዳው ማዶ ተኝታ? ኢንተርኔት ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት፣ ይቅር ይበለኝ፣ ባይከፈት ብዬ ተመኘሁ። አገር ሁሉ ሲያማርር እኔ ስልኬን እያየሁ «ዛሬም አልመጣም» እያልኩ እተነፍስ ነበር። እሷ ዘንድ እስካልደረሰ ድረስ አንቺ አንድ ቦታ ላይ በሕይወት ነበርሽ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተከፈተ። ያመለጡኝ ጥሪዎቿ ተከታትለው ገቡ። ላነሣ አልቻልኩም። ሌሊቱን ከባለቤቴ ጋር መከርን፤ ሳይነጋ ወርጄ የእማማን በር አንኳኳሁ። ከዚያች ሲኒ ወዲህ ፊት ለፊት አልተያየንም። ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። ከእሳቸው ቤት ቀጥሎ ያለው በር ተከፈተ፤ ከዚያ የአንደኛ ፎቅ፤ ከዚያ እነዚያ ተራዊሕ ሲሰግዱ የምሰማቸው አባወራና ባለቤታቸው። ሰው በየደረጃው ማረፊያ ላይ ማስኩን አድርጎ ቆመ፤ በአንድ ማረፊያ ከአራት አልበለጠም፣ ሕጉም አልተጣሰም። እኔ መካከለኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

ወዲያው አነሣችው። ወጥ ቤት ናት፤ ከኋላዋ የተደረደረ ሰሃን ይታያል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንኳን ተከፈተላችሁ!» አለች። ቀጥላ «ሁለተኛውን ስልክ አስጠጊልኝ፤ እማዬን አገናኚኝ» አለችኝ።

ሁለተኛው ስልክ የለም አልኳት።

ፊቷን አየሁት፣ እታለም። ገባት። መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ስልኩ ተንሸራቶ ጣሪያውን ብቻ ያሳየኝ ጀመር። ድምፅ የለም። ማዳሟ እንዳትነቃ ልቅሶዋን እየዋጠችው ነው። እኔም ደረቅሁ። ያን ጊዜ እማማ ርቀቱንም ማስኩንም ትተው ስልኩን ከእጄ መነተፉት፤ ደረጃው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኹ፦

«አልቅሺ እንጂ ልጄ! ምነው ዝም አልሽ? ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ቆሞልሻል! ጮኸሽ አልቅሺ፣ ሴትዮዋም ብትነቃ ትንቃ!»