አሳደግናት እንጂ አላነሳንላትም

የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ እንፍራንዝ ቤታችን በረንዳ ላይ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቀና አለችና «አባባ፣ ‹ማይ ግራንድማዘር ብሮት ሚ አፕ› ማለት ‹አያቴ ወደ ላይ አመጣችኝ› ነው?» አለችኝ። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ሰምታ «የት ላይ ነው ያመጣሁሽ? ጉዛራ ግንብ ላይ?» ብላ አሳቀችን። ግንቡ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው፤ ከከተማችን አቅራቢያ ኮረብታ ላይ ቆሟል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ይህ ግስ ብዙ ተማሪ ሲያሳስት አይቻለሁ። «ብሪንግ» ለብቻው አመጣ፣ «አፕ» ለብቻው ወደ ላይ ነው፤ ሲጣመሩ ግን አሳደገ ይሆናሉ። የእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር አለው። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ተቀመጠ እንጂ «ቁጭ» የሚል ቃል አልተናገረም። ልጁ ራሱ ሲያድግ «ግሮው አፕ»፣ ሌላ ሰው ሲያሳድገው «ብሪንግ አፕ» ነው። «ሚ»ን የመሰለ ተውላጠ ስም ደግሞ መሃል ይገባል እንጂ መጨረሻ ላይ አይመጣም።

«ሌላ ትርጉምስ አለው?» አለች።

«አለው። በጨዋታ መሃል አንድ ነገር ማንሳትም ‹ብሪንግ አፕ› ነው።»

እርሳሷን አስቀመጠች። «እናንተ አሳድጋችሁኛል። የእማዬን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አንስታችሁልኝ አታውቁም።»

ልጃችን አረብ አገር ከሄደች ስምንት ዓመት ሆናት። በኢሞ የምትደውለው አልፎ አልፎ ነው። ልጅቷ ሆድ እንዳይብሳት ብለን ስለ እናቷ ማውራት ተውን። እሷ ግን ዝምታችንን በራሷ መንገድ ተርጉማው ኖራለች፤ «ስላልፈለገችኝ የሄደች ይመስለኝ ነበር» አለችን።

ባለቤቴ ማንከሽከሻውን አስቀምጣ መጣች። በአባቷ ሕመም ጊዜ የተበደርነውን ገንዘብ፣ እናቷ ዕዳውን ልትከፍል እንደወጣች፣ በሄደችበት ሌሊት የተኛች ልጇን ሦስት ጊዜ ተመልሳ እንደሳመቻት ነገረቻት። ቡናው ያን ቀን አረረ።

የልጅ ልጆቻችሁን የምታሳድጉ ሁሉ፣ ልጁ አልጠየቀም ማለት አያስብም ማለት አይደለም። እሱ እስኪያነሳው አትጠብቁ፤ እናንተ አንሱለት። እኛ ዘጠነኛ ክፍል እስክትደርስ ጠብቀን፣ በመጨረሻ ያነሳችው እሷው ናት።