ፕሮግራመር ያለበት ቤት

እናንተም ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። ወንድም ሊሆን ይችላል፣ እህት፣ ወይም ለትምህርት ብሎ ከእናንተ ጋር የሚኖር የአክስት ልጅ። ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ያድራል፣ ጠዋት ለቁርስ ሲጠራ አይሰማም፣ “ምን እየሠራህ ነው?” ሲባል “ኮድ” ይልና ወሬው እዚያው ያበቃል። የእኛ ቤቱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ተማሪ። እኔ ቢዝነስ ተምሬ በማርኬቲንግ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከኤክሴል አልፌ ኮምፒውተር አውቃለሁ ብዬ አልፎክርም። ይሁንና ይህ ልጅ ማዕድ ላይ የሚጥላቸው አስተያየቶች ስለ ራሳችን ኑሮ ብዙ አሳይተውኛልና ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ።

የዛሬዎቹ ቀለሜዎች

በመጀመሪያ ጠባያቸውን እወቁት። የወንድሜ ስክሪን ጥቁር ነው፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴና ቢጫ ጽሑፍ ብቻ። እማዬ መጀመሪያ ያየች ቀን “ውይ ልጄ፣ ተበላሸብህ?” አለችው። ማውስ መንካት አይወድም። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር ይወጣል፤ ሌላው ሰው ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ሲነሳ እነሱ በኮዱ መስመር መጀመሪያ የሚተወው ባዶ ቦታ በታብ ይሁን በስፔስ እያሉ ይከራከራሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ፤ ዓሣው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ አልተስማሙም። የእኛ ልጆች ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የዓለም ፕሮግራመሮች ለዓመታት ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ጉዳይ ነው።

እኔ ተማሪ እያለሁ “ቀለሜ” ማለት ከደብተሩ የማይነሳ፣ ጨዋታ የማያውቅ ልጅ ነበር። የዛሬዎቹ ቀለሜዎች ጨዋታ ሞልቷቸዋል፤ ቀልዳቸውን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ዘመዶቻችን ደግሞ ከሙያው የተረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ኮምፒውተር ነው የሚማረው።” ስለዚህ የአጎታችን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ የጎረቤት ዲሽ ሲግናል ሲያጣ፣ የአክስታችን ፌስቡክ ሲዘጋ የሚጠራው እሱ ነው። “አርክቴክት ብሆን ኖሮ በር ጠግንልን ይሉኝ ነበር?” እያለ ያጉረመርማል። ሄዶ ግን ይሠራል።

የተሰረቀና በደቦ የተሠራ

በከተማችን “ዊንዶውስ እንጭናለን” የሚል ጽሑፍ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። በትንሽ ብር ኮምፒውተሩ በፕሮግራም ተሞልቶ ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጫነው ግን ቁልፉ የተሰበረ፣ “ክራክ” የሚባለው ነው። ወንድሜ ስለዚህ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል። የሕጉ ነገር እንዳለ ሆኖ ዋናው ጉዳይ ደኅንነት ነው ይላል፦ ቁልፉን የሰበረው ማን እንደሆነ፣ ገብቶ ሲወጣ ምን ትቶ እንደሄደ አታውቁም። የልጆቻችሁ ፎቶና የይለፍ ቃላችሁ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

“እና አቅም የሌለው ምን ያድርግ?” ስለው መልሱ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ የሚችል ደግሞ ያሻሽለዋል። በብዙዎቻችን ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የተሠራው በእሱ ላይ ነው። “እታለም፣ ደቦ በይው” አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሌላው ቂሙ ኢንተርኔት ከሌለ አልከፈትም በሚል ፕሮግራም ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እሱና ጓደኞቹ ትምህርታቸውን በፍላሽና በሃርድ ዲስክ እየተዋዋሱ ነው የገፉት። “ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ የተሠራ ፕሮግራም፣ የቤቱን ወግ ሳያውቅ እንደመጣ እንግዳ ነው” ይላል።

ጳጉሜን የማያውቅ ስልክ

ልቤን የነካው አስተያየቱ ግን ስለ ጊዜ ነው። እማዬ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስደው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ስልኳ በዚያ ሰዓት 8 ይላል። ለእሷ ደግሞ 8 ሰዓት ማለት ምሳ ተበልቶ ቡና የሚፈላበት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሽሽት የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዞረዋል። ያኔ አንዳንድ መተግበሪያዎች “ሰዓትህ ልክ አይደለም” ብለው ይቆማሉ፤ ስልኩና በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር ለደኅንነት ሲባል ሰዓታቸውን ያመሳክራሉና። ስድስት ሰዓት የተዛባ ስልክ ደግሞ አጠራጣሪ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ክሊኒኩ ቀጠሮውን “ጥቅምት 21” ብሎ ካርዷ ላይ ይጽፋል። ይህ ቀን በብዙ ዓመታት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ላይ ይውላል። ነገር ግን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን የሚከተለው ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል፤ ስለዚህ የ2016 ዓ.ም. ጥቅምት 21 የዋለው ኖቬምበር 1 ላይ ነው። ልዩነቱ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ወንድሜ እንደሚለው፣ ይህን ሳያገናዝብ በችኮላ የተሠራ የቀን መቀየሪያ በአራት ዓመት አንዴ ለወራት ቀን ያሳስታል። ለእኔና ለእናንተ አንድ ቀን ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ከክሊኒክ በር ተመልሶ ለሚሄድ አዛውንት ግን ቀላል አይደለም።

እማዬ ስልክ ላይ አሁን ልጇ የሠራላት ትንሽ መተግበሪያ አለ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ውበትም የለውም። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ድምፅ “እማዬ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ መድኃኒትሽን ዋጪ” ይላል። እሷም ልጇ አጠገቧ ያለ ይመስል “እሺ የኔ ጌታ” ብላ ትመልስለታለች።

የአባት ስም እና አሥራ ሁለቱ ፀሐዮች

ቅጽ ስትሞሉ “የቤተሰብ ስም” የሚል ሳጥን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉበት አንድ ቤት በእንዲህ ያለ ቅጽ ላይ ሦስት የተለያየ “የቤተሰብ ስም” ይኖረዋል። ልጇን ይዛ ወደ ውጭ የተጓዘች እናት “ስማችሁ ለምን አይመሳሰልም?” ብትባል ችግሩ ያለው ቅጹን የነደፈው ሰው ጋ ነው።

በራሳችን ፊደልም ጣጣ አለ። “ፀሐይ” የሚለውን ስም ውሰዱ። መጀመሪያው “ፀ” ወይም “ጸ” ይሆናል፤ ቀጥሎ ያለው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12። ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ሴቶች ናቸው። መዝጋቢዋ በአንዱ ጽፋ ባልደረባዋ በሌላው ሲፈልግ “የሉም” ይባላሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይ ግን መስኮቱ ፊት ቆመዋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም ይላል ወንድሜ፤ ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማዘዝ ነው። ይህንን የሚያዘው ግን ሞክሼ ፊደል መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ለመድረስም ብዙ ተለፍቷል። 33ቱ ፊደላት በየ7 ቅርጻቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ደግሞ በዱሮው ፎንት ውስጥ የነበረው 256 ቦታ አይበቃቸውም ነበር። እነ ዶ/ር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው በውጭ አገር ሆነው ግዕዝን ከኮምፒውተር ለማስማማት ከደከሙት መካከል ናቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ቶሮንቶ ላለች እህታችሁ በአማርኛ ስትጽፉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ የማይደርሳት በዚህ ምክንያት ነው።

የማንስማማበት

በአንድ ነገር አንስማማም። ለወንድሜ ማርኬቲንግ ማለት ጩኸት ነው፤ “ጥሩ ነገር ራሱ ይናገራል” ይላል። እኔ ደግሞ ጥሩ ሆነው ማንም ሳያውቃቸው የቀሩ ብዙ ዕቃዎች አይቻለሁ። ነገር ግን ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ጥያቄ የእሱን ብሶት ያጠናክራል፦ ይህ ምርት የተሠራው ለማን ነው? አብዛኛው ሶፍትዌር ሲሠራ እናቴ በዒላማ ደንበኝነት አልታሰበችም። እሷን የሚያስብ ሰው የሚወጣው ደግሞ ከእሷ ቤት ነው።

የቤታችን የሰሞኑ ጭቅጭቅም ይኸው ነው። ወንድሜ በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል። ጓደኞቹ አዲስ አበባ ለመግባት ወይም ከውጭ ድርጅት በርቀት ሥራ ለማግኘት ያስባሉ። እሱ እዚሁ ባሕር ዳር ሆኖ ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች በአማርኛ የሚሠሩ፣ ጳጉሜንን የሚያውቁ ፕሮግራሞች መሥራት ይፈልጋል። አባዬ አይዋጥለትም። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ያስተምር ነበር፤ ለአባዬ ሙያ ማለት እንደዚያ በእጅ የሚዳሰስ ነው። “ይኼ ልጅ ደመወዝ የሚያገኘው መቼ ነው?” ይላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የአንድ ዓመት ጊዜ እንስጠው አልኩ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ከፋይ ደንበኛ እንዲያመጣ። ደንበኛ ፍለጋውን አግዘዋለሁ። አባዬ ጥቂት ዝም ብሎ “ሦስቱን በጽሑፍ አድርጉት” አለ። በእኛ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ፕሪንተሩን ማስጠገኑን ለጊዜው ተዉትና አንድ እውነተኛ የቤት ችግር ስጡት። የዕቁብ ሒሳብ ይሁን፣ የአያት መድኃኒት፣ ወይም የሱቃችሁ የዱቤ መዝገብ። ጊዜም ስጡት፤ ሲጨርስም እንደማንኛውም ባለሙያ ክፈሉት። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን እንደገና 6 ትሆናለች። እስከዚያ ቀኑን በትክክል የሚቆጥር ሰው በየቤቱ ቢኖረን ምን ይለናል?